ከቦሌ እስከ ደለስ፦ የበረራ ርቀትንና የጉዞ ጊዜን ራስን ችሎ ለማስላት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

“ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል?” ተብለው አራት ሰዎች ቢጠየቁ አራት የተለያየ መልስ መስማት የተለመደ ነው። አንዱ ወደ አገር ቤት የተመለሰበትን ቀጥታ በረራ እያሰበ “13 ሰዓት” ይላል። ሌላው ሲሄድ የቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ ላይ አርፎ ስለነበር “17 ሰዓት” ይላል። ሦስተኛው ማታ ተነሥቶ በማግስቱ ጠዋት መድረሱን አስቦ፣ ቲኬቱ ላይ ያሉትን ሁለት ሰዓቶች ቀናንሶ “10 ሰዓት ገደማ ነው” ይላል። አራተኛው ደግሞ ሻንጣውን ከቤቱ ካወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ሲልቨር ስፕሪንግ የዘመዱ ቤት ሶፋ ላይ እስከ ተቀመጠበት ድረስ ቆጥሮ “ሙሉ ቀን ነው” ይላል። ከአራቱ የተሳሳተው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የለኩት የተለያየ ነገር ስለሆነ ሁሉም ልክ ናቸው።

በሁለት ኤርፖርቶች መካከል ያለው አጭሩ ርቀት አንድ ነው፣ አይለወጥም። የጉዞው ጊዜ ግን እንደ አቅጣጫው፣ እንደ ነፋሱ፣ እንደ መነሻው ከፍታ፣ እንደ ማረፊያውና እንደ ሰዓት አቆጣጠሩ ይለያያል። ይህ መመሪያ ከቦሌ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ዋሽንግተን ደለስ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ያለውን መስመር እንደ ምሳሌ ይዞ፣ ርቀቱን በስልክ ካልኩሌተር ከማስላት ጀምሮ እንግዳ ተቀባይ ስንት ሰዓት መውጣት እንዳለበት እስከ ማወቅ ድረስ ያለውን ሂደት ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ዘዴው ለማንኛውም ሌላ መስመር፣ ለቴል አቪቭም ሆነ ለዱባይ፣ ያገለግላል።

ደረጃ 1፦ ኤርፖርቱን እንጂ ከተማውን አለመያዝ

ርቀት የሚለካው ከኤርፖርት ኤርፖርት ነው። ዋሽንግተን በሦስት ኤርፖርቶች የምትገለገል ከተማ ስትሆን፣ እነርሱም ደለስ፣ ሬገንና የባልቲሞሩ ኤርፖርት ናቸው፤ ከአዲስ አበባ የሚሄደው በረራ የሚያርፈው ከከተማዋ በስተምዕራብ ቨርጂኒያ ውስጥ በሚገኘው ደለስ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። “ደለስ” እና በቴክሳስ ያለችው “ዳላስ” በአነጋገራችን እጅግ ይቀራረባሉ፤ በሁለቱም ዘንድ በርካታ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ስህተቱ የማይመስል አይደለም፤ በመካከላቸው ግን ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር ርቀት አለ። ስለዚህ ቲኬት ሲገዙም ሆነ ርቀት ሲያሰሉ በስሙ ሳይሆን በኤርፖርቱ ባለ ሦስት ፊደል መለያ ይመኑ፤ የቦሌው “ኤ-ዲ-ዲ”፣ የደለሱ “አይ-ኤ-ዲ”፣ የዳላሱ ዋና ኤርፖርት ደግሞ “ዲ-ኤፍ-ደብሊው” ነው።

ደረጃ 2፦ የሁለቱን ኤርፖርቶች ኬክሮስና ኬንትሮስ መያዝ

በማንኛውም የስልክ ካርታ ላይ ኤርፖርቱን ፈልገው ጣትዎን ማኮብኮቢያው ላይ ጫን አድርገው ቢይዙ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው ኬክሮስ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለው ርቀት በዲግሪ ነው። ሁለተኛው ኬንትሮስ፣ ማለትም ከግሪንዊች መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለው ርቀት ነው። ለእኛ ምሳሌ ቦሌ 8.978 ዲግሪ ሰሜን እና 38.799 ዲግሪ ምሥራቅ ሲሆን፣ ደለስ 38.945 ዲግሪ ሰሜን እና 77.456 ዲግሪ ምዕራብ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በምልክቱ ነው። ምሥራቅና ሰሜን ያለ ምልክት ይጻፋሉ፤ ምዕራብና ደቡብ የመቀነስ ምልክት ይቀድማቸዋል። በዚህ መሠረት የደለስ ኬንትሮስ −77.456 ይሆናል፤ በሁለቱ ኤርፖርቶች ኬንትሮሶች መካከል ያለው ልዩነትም 38.799 እና 77.456 ተደምረው 116.255 ዲግሪ ነው። ምልክቱን ዘንግቶ 77.456 ላይ 38.799 የቀነሰ ሰው ዋሽንግተንን መካከለኛው እስያ ውስጥ አስቀምጧት ያርፋል።

ደረጃ 3፦ ርቀቱን ማስላት

የስልክ ካልኩሌተርዎን ወደ ጎን ቢያዞሩት በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ ሳይን፣ ኮሳይንና የመሳሰሉት ቁልፎች ይመጣሉ። ከመጀመርዎ በፊት ካልኩሌተሩ በራዲያን ሳይሆን በዲግሪ የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ይህ ቁልፍ በስህተት በራዲያን ላይ ቢቀር የሚወጣው መልስ ትርጉም የለሽ ይሆናል።

ስሌቱ ሁለት ብዜቶችን ከደመሩ በኋላ ወደ ማዕዘን መመለስ ነው። መጀመሪያ የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን ያባዙ፤ የ8.978 ሳይን 0.1561፣ የ38.945 ሳይን 0.6286 ስለሆነ ብዜታቸው 0.0981 ይሆናል። ቀጥሎ የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይንና የኬንትሮሱን ልዩነት ኮሳይን ሦስቱን አንድ ላይ ያባዙ፤ 0.9877 ሲባዛ በ0.7777 ሲባዛ በ−0.4424፣ ውጤቱ −0.3398 ነው። ሁለቱን ውጤቶች ሲደምሩ −0.2417 ያገኛሉ። የዚህ ቁጥር ተገላቢጦሽ ኮሳይን (ካልኩሌተሩ ላይ cos⁻¹ የሚለው ቁልፍ) 103.99 ዲግሪ ነው፤ ይህም በምድር መሐል ቆመን ወደ ሁለቱ ኤርፖርቶች ሁለት መስመር ብንዘረጋ በመካከላቸው የሚፈጠረው ማዕዘን ማለት ነው።

የቀረው ማዕዘኑን ወደ ኪሎ ሜትር መለወጥ ነው። የምድር አማካይ ራዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከዚህ ተነሥቶ እያንዳንዱ ዲግሪ 111.19 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 103.99 በ111.19 ሲባዛ ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በአሜሪካ ማይል ለማግኘት በ1.609፣ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል (ኖቲካል ማይል) ለማግኘት ደግሞ በ1.852 ያካፍሉ፤ 7,185 ማይል ወይም 6,240 ኖቲካል ማይል አካባቢ ይመጣል። ሁለቱን ማይሎች ማምታታት 15 በመቶ የሚሆን ስህተት ስለሚያመጣ፣ የትኛው እንደሆነ ያልተገለጸበትን የ“ማይል” ቁጥር አይቀበሉ።

ምድር ፍጹም ሉል ሳትሆን በምድር ወገብ አካባቢ በትንሹ የሰፋች ስለሆነች፣ ይህ ስሌት እስከ ግማሽ በመቶ ሊሳሳት ይችላል። በዚህ ርቀት ላይ ያ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ማለት ነው፤ አውሮፕላኑ በአራት ደቂቃ ገደማ የሚጨርሰው ርቀት ስለሆነ ለእኛ ጉዳይ አያሳስብም።

ደረጃ 4፦ መስመሩ ለምን እንደሚታጠፍ መረዳት

በግድግዳ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ብናሰምር የምናገኘው መንገድ አጭሩ መንገድ አይደለም። ያንን መስመር ይዞ፣ የኮምፓሱን አቅጣጫ ሳይለውጥ የሚበር አውሮፕላን ወደ 12,090 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ይህም እኛ ካሰላነው በ500 ኪሎ ሜትር ያህል ይበልጣል። ምክንያቱ ክብ የሆነችው ምድር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ስትዘረጋ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ጫፍ ያሉት አካባቢዎች እየተለጠጡ መሄዳቸው ነው። ብርቱካን ልጦ ልጣጩን ሳይቀድ ጠፍጣፋ ለማድረግ የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል።

እውነተኛውን መስመር ለማየት ቀላሉ መንገድ በልጆች የትምህርት ሉል ላይ ክር ወጥሮ መያዝ ነው። ክሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ በሰሜን ሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ በኩል አልፎ፣ ምዕራባዊውን ሜዲትራንያን ተሻግሮ ስፔንንና ፖርቱጋልን ይቆርጣል። ከዚያም በአትላንቲክ ላይ ወደ 45ኛው ዲግሪ ሰሜን ተጠግቶ፣ ማለትም ከዋሽንግተን ከራሷ በላይ ወደ ሰሜን ወጥቶ፣ እንደገና ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል። ከፊት ለፊት ባለው ስክሪን ላይ ካርታውን የሚከታተል ተሳፋሪ “ለምን ዞረብን?” ብሎ የሚጠይቀው ይህን ቅርጽ ሲያይ ነው፤ መልሱም የዞረው ካርታው እንጂ አውሮፕላኑ አይደለም የሚል ነው።

ይሁን እንጂ ክሩ ያለፈበት ቦታ ሁሉ አውሮፕላን ያልፋል ማለት አይደለም። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2023 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲጀመር የአገሪቱ የአየር ክልል ለሲቪል በረራ ተዘግቶ፣ በዚያ በኩል ያልፉ የነበሩ መስመሮች በጎን እንዲዞሩ ተገድደዋል። የዚህ ዓይነት መዘጋት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያስከፍል ከሩቅ አገር ምሳሌ መውሰድ ይቻላል፤ ከ2022 ጀምሮ የሩሲያ የአየር ክልል ለአውሮፓ አየር መንገዶች ሲዘጋ፣ ቀድሞ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ የነበረው የሄልሲንኪና የቶኪዮ በረራ ወደ 13 ሰዓት አድጓል። ስለዚህ ያሰሉትን ርቀት እንደ ዝቅተኛው ልክ ይያዙት። ለመደበኛ የአቅጣጫ ማስተካከያ ጥቂት በመቶ ይጨምሩ፤ በመንገዱ ላይ የተዘጋ የአየር ክልል ካለ ደግሞ ክሩን በዚያ ዙሪያ አጥፈው እንደገና ይለኩ።

ደረጃ 5፦ ከርቀት ወደ ሰዓት

እንደ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ያሉ የረጅም ርቀት አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራሉ። ሆኖም ተነሥተው ከፍታ እስኪይዙ፣ ከዚያም ለማረፍ ዝቅ ሲሉ ፍጥነታቸው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ ርቀቱን ለ900 አካፍሎ መተው ጊዜውን ያሳንሰዋል። ለዚህ ማካካሻ ግማሽ ሰዓት መጨመር በቂ ነው።

ዋናው ጉዳይ ነፋሱ ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ መካከለኛ ኬክሮሶች ላይ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጠባብና ኃይለኛ የነፋስ ጅረት አለ። ጄት ስትሪም የሚባለው ይህ ነው። በክረምታቸው፣ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ ይበረታል፤ አልፎ አልፎም በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍሳል። ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን አውሮፕላን ከኋላው ይገፋዋል፣ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ከፊቱ ይይዘዋል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ መመለስ ከመሄድ የሚያጥርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የምድር መዞር ነው የሚለው በየአውሮፕላኑ የሚሰማ ማብራሪያ ትክክል አይደለም፤ አየሩም አውሮፕላኑም ከምድር ጋር አብረው ይዞራሉና።

ለእጅ ስሌት የሚከተለውን ልማድ ቢይዙ ከእውነታው ብዙም አይርቁም፦ ወደ ምዕራብ ለሚሄድ ረጅም በረራ ርቀቱን ለ850፣ ወደ ምሥራቅ ለሚሄድ ለ930 ያካፍሉና ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። በእኛ መስመር ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ 11,560 ሲካፈል ለ930 ወደ 12.4 ሰዓት ይሰጣል፤ ግማሽ ሰዓት ሲጨመርበት 13 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። በተቃራኒው አቅጣጫ ያለ ማረፊያ ቢበረር 13.6 ሰዓትና ግማሽ፣ በድምሩ 14 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይሆን ነበር። “ይሆን ነበር” ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ በሚሄዱ መስመሮች ነፋሱ ከጎን ስለሚመጣ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ከቦሌ ቴል አቪቭ 2,590 ኪሎ ሜትር፣ ዱባይ ደግሞ 2,520 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቁ፣ ለ850 ተካፍለው ግማሽ ሰዓት ሲጨመር ሁለቱም ከሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይመጣሉ፤ ከማኮብኮቢያው መጠበቅና ከመንገዱ መጠማዘዝ ጋር ተደምሮ ቲኬት ላይ አራት ሰዓት ገደማ ሆኖ ቢታይ አይግረምዎ።

ደረጃ 6፦ የመነሻውን ከፍታና ማረፊያውን ማገናዘብ

ብዙ የርቀት ማስያዎች “ቀጥታ በረራ 14 ሰዓት” ብለው ያቆማሉ። በቦሌ ጉዳይ ግን ይህ መልስ ከግማሹ በላይ አይሆንም።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሣው አየርን በመግፋት፣ ሞተርም የሚሠራው አየርን በመሳብ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ጉልበታቸው ይቀንሳል። አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው ለመነሣት የበለጠ ፍጥነትና የበለጠ ርቀት ይፈልጋል፤ ስለዚህም ከባሕር ዳርቻ ከተማ ሊነሣ የሚችለውን ያህል ክብደት ይዞ ከቦሌ መነሣት አይችልም። ተሳፋሪውን፣ ሻንጣውን፣ ካርጎውን፣ እንዲሁም በፊት ለፊት ነፋስ ከ14 ሰዓት በላይ የሚያስኬድ ነዳጅ በአንድነት መጫን ስለማይቻል ከአንዱ መቀነስ ግድ ይላል። የሚቀነሰው ነዳጁ ነው፤ እርሱንም በመንገድ ላይ ይሞሉታል። ደለስ በአንጻሩ ከባሕር ወለል በላይ 95 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ነፋሱም ከኋላ ስለሚሆን፣ አውሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ በአንድ ትንፋሽ አዲስ አበባ ይገባል። በመሄድና በመመለስ መካከል ያለው ትልቁ የጊዜ ልዩነት ምንጩ ይህ ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ ለሚሠራው አዲስ ኤርፖርት ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ መመረጡም ለዚህ ችግር ጥቂት ማቃለያ ይሆናል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን መብረር ከጀመረበት ከ1998 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ወዲህ በተለያየ ጊዜ ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ ላይ እያረፈ ሄዷል። በደረጃ 3 ያየነውን ስሌት ለየክፍሉ ለየብቻ ሠርተን ብንደምር አስገራሚ ውጤት ይገኛል። በሮም በኩል 4,480 እና 7,230፣ በድምሩ 11,710 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከቀጥታው የሚበልጠው በ150 ብቻ ነው። በደብሊን በኩል 6,365 እና 5,465፣ በድምሩ 11,830 ገደማ ነው፤ ጭማሪው 270 ነው። በሎሜ በኩል ግን 4,150 እና 8,600፣ በድምሩ 12,750 ይመጣል፤ ይህ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጭማሪ ነው።

ታዲያ ሎሜ ለምን ተመረጠች ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ መስመር በርቀት ብቻ እንደማይመረጥ ያስተውል። ሎሜ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለድርሻ የሆነበት አስካይ የተባለው አየር መንገድ መናኸሪያ ናት፤ እዚያ የሚወርድና የሚሳፈር መንገደኛ አለ። የነዳጅ ማረፊያው የገበያ ማረፊያም ይሆናል ማለት ነው። ተሳፋሪውን በጊዜ ቢያስከፍለውም ለአየር መንገዱ የሚያዋጣ ምክንያት ነው፤ እኔ በበኩሌ መንገደኛ ሆኜ ሳስበው ደብሊንን እመርጥ ነበር።

በማረፊያ የሚሄድ በረራ ሲያሰሉ ግማሽ ሰዓቱን ለእያንዳንዱ ክፍል ለየብቻ መጨመር አይዘንጉ፤ ሁለት ጊዜ መነሣትና ሁለት ጊዜ ማረፍ አለና። አዲስ አበባ–ሎሜ 5 ሰዓት ከ23 ደቂቃ፣ ሎሜ–ዋሽንግተን 10 ሰዓት ከ37 ደቂቃ፣ በመሐል በምድር ላይ 1 ሰዓት ከሩብ ቢታሰብ ድምሩ 17 ሰዓት ከሩብ ነው። በመግቢያችን ላይ “17 ሰዓት” ያለው ሰው ከየት እንዳመጣው እነሆ።

ደረጃ 7፦ የቲኬቱን ሰዓት መፍታት

በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ክፍል ይህ ነው፤ አብዛኛው ችግር የሚፈጠረው አየር ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ ስለሆነ። ቲኬት ላይ የሚጻፉት ሰዓቶች ሁለቱም የየአካባቢያቸው ሰዓት ናቸው፤ የመነሻው በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው በመድረሻው ከተማ ይቆጠራል። ስለዚህ ሁለቱን በቀጥታ መቀናነስ ብርን ከዶላር ላይ እንደ መቀነስ ነው።

ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ሰዓቷን አትለውጥም። ዋሽንግተን ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ትለውጣለች። ከማርች ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ድረስ በመካከላችን ያለው ልዩነት 7 ሰዓት፣ በቀሪው ጊዜ 8 ሰዓት ነው። አውሮፓ የምትለውጠው በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ስለሆነ፣ በሽግግሩ ሳምንታት አሜሪካና አውሮፓ እንኳ እርስ በርሳቸው ያለው ልዩነት ለጊዜው ይዛባል። ሳዑዲ ዓረቢያ ከእኛ ጋር እኩል፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ቀዳሚ ናቸው፤ ሁለቱም አይለውጡም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጁላይ ወር ቅዳሜ በ22:45 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እሑድ በ09:00 ዋሽንግተን የሚደርስ በረራ አለ እንበል። የመድረሻውን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ለመለወጥ 7 ሲጨመር 16:00 ይሆናል። ከቅዳሜ 22:45 እስከ እሑድ 16:00 ያለው 17 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። በመግቢያችን ሦስተኛው ሰው 22:45ን ከ09:00 ጋር አነጻጽሮ 10 ሰዓት ከሩብ ያገኘው ይህን የ7 ሰዓት እርምጃ ስለ ዘለለ ነው። ስሌቱ ሲመለሱም ያው ነው፤ በ11:00 ከዋሽንግተን ተነሥቶ በማግስቱ በ07:00 ቦሌ የሚደርስ በረራ፣ መነሻው በእኛ ሰዓት 18:00 ስለሆነ 13 ሰዓት ፈጅቷል ማለት ነው።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ሰው የማይገጥመው ተጨማሪ ትርጉም አለ። ቲኬቱ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፣ እኛ ከንጋት እንጀምራለን። ለውጡ ይህን ይመስላል፦ ቲኬቱ ከ07:00 እስከ 18:59 ያለ ከሆነ 6 ይቀንሱ፣ የቀን ሰዓት ነው፤ ከ19:00 እስከ 23:59 ያለ ከሆነ 18 ይቀንሱ፣ የምሽት ሰዓት ነው፤ ከ00:00 እስከ 06:59 ያለ ከሆነ 6 ይጨምሩ፣ የሌሊት ሰዓት ነው። በዚህ መሠረት 22:45 ከምሽቱ 4:45፣ 09:00 ከጠዋቱ 3:00፣ 00:40 ከሌሊቱ 6:40 ይሆናል።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር፣ 00:40፣ ስንቱን ቤተሰብ አሳፍሯል። በእኛ ቤት የደረሰውን ልናገር፦ አክስቴ “12 ቀን በ00:40 እደርሳለሁ” ብላ ላከች፤ እኛም “12 ሌሊት በስድስት ሰዓት ከአርባ” ብለን ተርጉመን፣ 12ኛው ቀን መሽቶ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ አበባ ይዘን ቦሌ ደረስን። እርሷ ግን ከአንድ ቀን በፊት፣ 11ኛው ቀን መሽቶ በዚያው ሌሊት ገብታ፣ በታክሲ ወደ ጎረቤት ሄዳ አድራለች። አበባው ለጎረቤት ሆነ። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለ ማንኛውም የቲኬት ሰዓት፣ በእኛ አነጋገር የዋዜማው ሌሊት መሆኑን ያስታውሱ፤ ለሰው ሲናገሩም “11 ለ12 አጥቢያ” ቢሉ ስህተት አይኖርም። ቲኬቱ የሚጠቀመው የአውሮፓውያንን ወርና ቀን ስለሆነ፣ ወደ ኢትዮጵያ ቀን ሲለውጡም በዚህ ነገር ይጠንቀቁ።

ደረጃ 8፦ ያሰሉትን ከእውነተኛው በረራ ጋር ማመሳከር

ቲኬት ላይ ያለው ጊዜ የአየሩ ጊዜ ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከመሳፈሪያ በሩ ከተነቀለበት ደቂቃ ጀምሮ በመድረሻው በር እስከሚቆምበት ድረስ ያለው ነው። በየጫፉ በማኮብኮቢያ መንገድ የሚያልቀው ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ እንዲሁም አየር መንገዶች መዘግየትን ለመቋቋም የሚጨምሩት ጥቂት ደቂቃ ተካትቶበታል። “ከሰዓቱ በፊት ደረስን” ተብሎ የሚጨበጨበውም አንዳንዴ በዚህ የተነሣ ነው።

እንደ ፍላይትራዳር 24 ወይም ፍላይትአዌር ባሉ መከታተያዎች ላይ የበረራ ቁጥሩን ቢያስገቡ ያለፉት ጥቂት ቀናት በረራዎች እያንዳንዳቸው ስንት ሰዓት እንደፈጁ ይታያል። አንድ ቀን ብቻ አይተው አይፍረዱ፤ የሚገኘውን ሁሉ ተመልክተው መካከለኛውንና በጣም የዘገየውን ይያዙ። መካከለኛው ለጉዞ ዕቅድ፣ የዘገየው ደግሞ ቀጣይ በረራ ወይም ቀጠሮ ላለው ሰው ይጠቅማል። እርስዎ ያሰሉት ከመካከለኛው በግማሽ ሰዓት ቢለይ ስሌቱ ደህና ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ከተለየ ግን ወይ ማረፊያ ዘልለዋል፣ ወይ የኬንትሮሱን ምልክት አዛብተዋል፣ አለዚያም አውሮፕላኑ በተዘጋ የአየር ክልል ዙሪያ እየዞረ ነው።

የቤት ለቤቱን ጊዜ ለማግኘት በመነሻው ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘትን፣ በመድረሻው ደግሞ ለፓስፖርት ቁጥጥርና ለሻንጣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይጨምሩ። ከደለስ ወደ ከተማ የሚወስደው ባቡር ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ኤርፖርቱ ድረስ ስለሚገባ መኪና የሌለው ተቀባይም አይቸገርም። 17 ሰዓት ከሩብ የነበረው በረራ በዚህ ሁኔታ፣ ከቤት ወደ ኤርፖርትና ከኤርፖርት ወደ ቤት ያለው መንገድ ሲጨመርበት፣ ከ22 እስከ 24 ሰዓት ይደርሳል፤ የአራተኛው ሰው “ሙሉ ቀን” የመጣውም ከዚህ ነው።

በመጨረሻ ለተቀባዩ መልእክት ሲልኩ ሰዓቱን በእርሱ አገር አቆጣጠር ይጻፉለት፤ የሳምንቱን ቀን፣ የበረራ ቁጥሩንና የኤርፖርቱን መለያ ይጨምሩ፦ “እሑድ ጠዋት በ9:00 በዋሽንግተን ሰዓት፣ ደለስ፣ አይ-ኤ-ዲ።” ለአዲስ አበባ ተቀባይ ከሆነ ደግሞ “ከጠዋቱ 1:00 በእኛ ሰዓት” ብለው ይጻፉ፤ አውሮፕላኑ መነሣቱን በመከታተያው ካረጋገጡ በኋላም አንድ ጊዜ ይደውሉለት።